መነጽሩ ኩሽኔታ ማለት ይማር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሞተርና ስለ ብየዳ ሊጽፍ ተነሣ ሲባል ከወዳጆቼ አንዳንዶቹ እንደሚስቁ ዐውቃለሁ። አንዱማ ገና ሐሳቤን እንደ ሰማ፥ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መዶሻ የጨበጥኸው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጨብጬ አላውቅም። ነገር ግን ይህ አነጋገሩ አርእስቱን ሊያስተወኝ ሲገባ ይልቁንም አበረታኝ። መዶሻ ያልጨበጠ ስለ መዶሻ አይናገር፥ መዶሻ የጨበጠም ብዕር አይንካ እየተባለ ሁለቱ ወገን ተለያይቶ መኖሩ ነው ዛሬ ለማነሣው ጉዳይ ሥሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ ለእንግዶች ይታያል ተባለ፤ የአክስቴ ልጅ በዚያ የመኪና ጥገና ስለሚማር እኔም ከእርሱ ጋር ሄድሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለመጽሔት ባልበቃ ነበር። መሣሪያው ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚሉት ነው። ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከሩ ሰዎች «የበለጸገ እውነታ» ሲሉት ሰምቻለሁ፤ እውነታ እንዴት እንደሚበለጽግ ግን አልገባኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ተደራቢ ምስል» እያልሁ እጠራዋለሁ፤ የሚሠራውም ይህንኑ ነውና። ሰው በመነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አንድን ነገር ሲመለከት፥ መሣሪያው በእውነተኛው ነገር ላይ ሥዕል፥ ቀስት ወይም ጽሑፍ ይደርብበታል። ሞተሩ እዚያው ነው፤ እጅህም እዚያው ነው፤ በሞተሩ ላይ ግን ቀድሞ ያልነበረ ነገር ተጽፎ ታያለህ። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ከሚባለው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ያኛው ዐይንን ጨርሶ ጋርዶ ወደ ሌላ ዓለም ይወስዳል፤ ይኸኛው ካለህበት ሳያነሣህ ያለህበትን ያብራራልሃል።

በዚያ ቀን አራት መነጽሮች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። ተጋባዦቹ በየተራ ዐይናቸው ላይ እያደረጉ፥ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ተንሳፎ የሚዞር ሞተር አዩ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት ሲሞክሩ ተሳሳቁ፤ ፎቶግራፍም ተነሡ። እኔም ተራ ደርሶኝ አየሁ። በእውነቱ ያስደንቃል። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፥ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ፥ ነዳጁ ሲቀጣጠል ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይታያል። በየክፍሉም ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎአል። እውነተኛው ሞተር ግን በአዳራሹ ጥግ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። በዚያ አንድ ሞተር ስንት ሆነው እንደሚማሩ የአክስቴን ልጅ ብጠይቀው፥ «42 ነን» አለኝ። እርሱና ጓደኞቹ በግድግዳው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጊዜ አልበቃም ተብሎ ተራው ለእነርሱ አልደረሰም። እንግዶቹ ወደ ሻይ ሲሄዱ መነጽሮቹ ወደ ካርቶናቸው፥ ካርቶኖቹም ወደ ቁም ሣጥን ገቡ፤ ቁም ሣጥኑም ተቆለፈ። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ከዚህ ተነሥቼ ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ አሻንጉሊት ነው ብል የሚያጨበጭብልኝ አይጠፋም። እኔ ግን አልልም፤ እውነት አይደለምና። ይህ ጥበብ ስሙን ያገኘው ከጨዋታ ቤት ሳይሆን ከፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶም ኮዴልና ዴቪድ ማይዜል የሚባሉ የቦይንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች አንድ ችግር ገጠማቸው። በአውሮፕላን ውስጥ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቀድሞ በትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ተዘርግቶ ይታሰር ነበር፤ ሠራተኛው አንድ ጊዜ ወረቀቱን፥ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን እያየ ሽቦውን በየመንገዱ ይመራል። የሽቦውም ብዛት፥ የአውሮፕላኑም ዐይነት መለያየት ሥራውን እጅግ አድካሚ አደረገው። ሁለቱ ሰዎች «የሽቦው መንገድ በሠራተኛው ዐይን ፊት፥ በሰሌዳው ላይ ቢታይለትስ?» ብለው አሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ሐሳባቸውን በጽሑፍ አወጡ። እንግዲህ አየር መንገዳችን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የቦይንግን ጄት ሲያበር የኖረ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከራሳችን ሰማይ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፤ የታሰበው ለሽቦ ዘርጊ ነበር። ለእንግዳ መቀበያ አልነበረም።

ታዲያ ለሙያ ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል ተብሎ ቢጠየቅ፥ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የተሸፈነውን ይገልጣል። በሙያ ትምህርት ውስጥ ለመምህር የሚያስቸግረው የተሸፈነው ነገር ነው። ካምቢዮ ተዘግቶ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሲከፈት ደግሞ አይሠራም። ተማሪው አንደኛ ማርሽ ሲገባ ኀይሉ በየትኛው ጥርስ በኩል እንደሚያልፍ ለማየት ሞተሩን አቁሞ ሥጋውን መበለት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው በድኑን ነው። ኤሌክትሪክማ ከዚህ የባሰ ነው። በ220 ቮልት መሥመር ውስጥ የሚሄደውን ነገር ዐይቶ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቀው የነካው ብቻ ነው፤ የነካውም ሁልጊዜ ተርፎ አይነግረንም። በመለማመጃው ሰሌዳ ላይ ስልኩን አነጣጥሮ፥ ማብሪያው ሲጫን መሥመሩ በየት ዞሮ ወዴት እንደሚሄድ በቀይና በሰማያዊ ማየት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ጊዜ ቢስለው ያን ያህል አያስረዳም።

ስለ ብየዳ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስል ሁለት ቀን በአንድ ብረታ ብረት ቤት ተቀምጬ ስላየሁት ነው። ጀማሪ በያጅ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ሲያደርግ ምንም አያይም፤ መስተዋቱ ከእሳቱ ብርሃን እንዲከላከል ተብሎ እጅግ ጠቁሮአል። ሥራውን የሚያየው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው፤ እሳቱን ደግሞ በጭፍን መጫር አለበት። ኤሌክትሮዱን ሲያስጠጋ ይጣበቅበታል፤ ሲያርቅ እሳቱ ይጠፋል። ባለሙያው እንደ ነገረኝ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል፥ ለምሳሌ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ይኸውም ኤሌክትሮዱ እየነደደ ሲያጥር እጅ በዚያው ልክ እየወረደ ነው። አንዱ ኤሌክትሮድ ነድዶ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ተማሪው ስሕተቱ የት እንደ ነበረ ሳያውቅ ኤሌክትሮዱ ያልቅበታል፤ በትምህርት ቤቱ ደንብ ለቀኑ የተፈቀደለትም ያው ነበር። መምህሩም በአጠገቡ ቆሞ ልጁ የሚያየውን አያይም።

በስፔን አገር የተሠራ ሶልዳማቲክ የሚሉት መለማመጃ አለ። ተማሪው የእውነተኛውን የብየዳ እጄታ ይዞ፥ የእውነተኛውን የሚመስል ጭምብል አጥልቆ በአንድ የመለማመጃ ቁራጭ ላይ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ እሳቱና የብየዳው መሥመር በጭምብሉ ውስጥ በቁራጩ ላይ ተደርቦ ይታየዋል። ጢስ የለም፥ ዐይን አይቃጠልም፥ ኤሌክትሮድ አያልቅም። እጁ ቢፈጥን ወይም ቢያዘነብል መሣሪያው መዝግቦ ያሳየዋል፤ መምህሩም ልጁ የሚያየውን በስክሪን አብሮ ያያል። የመጀመሪያዎቹን መቶ ስሕተቶች በነጻ መሳሳት ለድኻ ትምህርት ቤት ከማንም ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ከመቶ አንደኛው ግን በብረት መሆን አለበት። ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት ስስ ላሜራ ሲበይድ ዐየሁት፤ ሁለት ጊዜ በሳው፤ ሦስተኛውን ጊዜ አለቃው «ጆሮህን ስጠው እንጂ!» አለው። እሳቱ በደኅና ሲሄድ የሚሰጠው ድምፅ አለ፤ ሊበሳ ሲል ድምፁ ይለወጣል። ይህን መነጽር አያስተምርም። ብሎን ሲጠብቅ ሊበላ ጥቂት ሲቀረው ለእጅ የሚነግረው ነገርም እንዲሁ ነው። በተጨማሪም ቀስት እየተከተለ የሠራ ሰው ቀስቱ ሲነሣ ምን ያህል እንደሚቀርለት እጠራጠራለሁ። በስልኩ ካርታ እየተመራ ከመገናኛ ጀሞ የሄደ ሰው፥ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ስንተኛው አደባባይ ላይ እንደሚጠፋ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ቀስቱ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት፤ መጀመሪያ ሁሉም ይታይ፥ ቀጥሎ ስሙ ብቻ፥ በመጨረሻም ምንም። ይህን የማያደርግ መሣሪያ ታዛዥ እንጂ ባለሙያ አያወጣም።

ስለ ዋጋው ረጅም መናገር አያሻኝም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሆሎሌንስ የተባለው መነጽር 3,000 ዶላር፥ በ2019 ያወጣው ሁለተኛው ደግሞ 3,500 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ2024 ኩባንያው ሁለተኛውንም መሥራት አቆመ። በዚህ ገንዘብ ስንት ያገለገለ ሞተር ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ለአርባ ሁለቱ ልጆች እንደሚበቃ አንባቢ ራሱ ያስላው። ደግነቱ መነጽሩ የግድ አይደለም። ሂሮካዙ ካቶ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መሣሪያ፥ በወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር ጠርዝ ያለው አራት ማዕዘን ምልክት ካሜራው ሲያየው ሥዕሉን በዚያ ላይ ይደርባል። ዛሬ ይህ ሥራ በመካከለኛ ስልክ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ሊሠራ ይችላል። ምልክቱንማ ይህችን መጽሔት የምናባዛባት ማሽን፥ ቀለሟ ደኅና የሆነ ቀን፥ ልታትመው ትችላለች። በአሮጌው ሞተር ላይ ምልክቱን መለጠፍ ነው፤ ላስቲኩን መጀመሪያ ማንሣት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ እስካሁን ያልሁትን ማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ ከእኔ አሳምሮ ሊጽፈው ይችል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለትብብር ሥልጠና ወደ አንድ ጋራዥ ተልኮ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አለቃው ከመኪና ሥር ተኝተው እጃቸውን ዘርግተው፥ «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» አሉት። ልጁ ዝም ብሎ ቆመ። «ጋሼ፥ የቱን?» አለ። «ኩሽኔታውን ነዋ! ከፊትህ ያለውን!» ከፊቱ አምስት ስድስት ነገር ነበር። ደፍሮ አንዱን ቢያነሣ ያነሣው ሌላ ሆነ። ሰውየው ከመኪናው ሥር ወጥተው ቤሪንጉን ራሳቸው አነሡና ልጁን ለጥቂት ጊዜ ካዩት በኋላ፥ «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩህ ነበር?» አሉት። ይህ ልጅ የቦል ቤሪንግንና የሮለር ቤሪንግን ልዩነት በእንግሊዝኛ ጽፎ ከመቶ ዘጠና ያገኘ ልጅ ነው። በዚያ ቀን ማታ ቤት መጥቶ እራት አልበላም። እናቱ ታመመ ብላ ነበር።

ከዚያም ወዲያ ወደ ጋራዡ ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ኋላ ብዙ ነገር አስተምረውታል። የመንኰራኵር ኩሽኔታ ሲያልቅ የሚሰጠውን ጩኸት የነገሩት እርሳቸው ናቸው፤ መኪናው ሲፈጥን ጩኸቱም ይጨምራል፤ መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ከበረታ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል ያለቀው የቀኙ ነው። ይህ ሁሉ በኮሌጁ ወረቀት ላይ አልነበረም። ሰውየው ግን ለሲኦሲ ፈተና ቢቀመጡ በእንግሊዝኛው ጥያቄ የሚወድቁ ናቸው። ልጁ የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ያውቃል፥ ዕቃውን ግን አያውቀውም፤ ሰውየው ዕቃውን ከነድምፁ ያውቁታል፥ ስሙ ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት ነው መኪኖቻችንን በየመንገዱ የሚያስቆማቸው።

ቋንቋ ለሚማር ሰው የጋራዥ ቋንቋ መጫወቻ አይደለም። ኩሽኔታ በጣልያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ዘንጉ የሚያርፍባት ትራስ፤ ከዚህ የተሻለ ገለጻ ማን ያመጣል? ካቻቪቴ ከጣልያንኛው የመጣ ነው፤ ጎሚስታውም፥ ፍሬኑም፥ ፍሪሲዮኑም፥ ማርሹም፥ ፒንሳውም፥ ላሜራውም፥ ብሎኑም እንደዚሁ። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ መኪናዎቹንና ከሰዎቹም አንዳንዶቹን መካኒኮች ትቶ ሄደ፤ በእነርሱ ዘንድ ቁልፍ ያቀበሉ ልጆች ቃሉን ለልጆቻቸው አስተላለፉ። ዛሬ ኩሽኔታ የሚል ሰው ጣልያንኛ እየተናገረ አይደለም፤ አማርኛ እየተናገረ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ይህን ቋንቋ አያውቀውም። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ወረቀት አለ፤ በሌላ በኩል ሊቃውንት በክብር ያወጡአቸው፥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኙ ቃላት አሉ፤ ድካማቸውን አከብራለሁ፤ በመዝገቡ ያሉትን ቃላት ይዞ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ግን ዕቃውን ሳያገኝ ይመለሳል።

ተደራቢ ምስል ለእኔ ትልቅ ጉዳይ የሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የማስተማሪያ መሣሪያ ሁሉ ስሙን በመጽሐፍ፥ ዕቃውን በጠረጴዛ ለይቶ ያስቀምጣል። ይኸኛው ግን ስሙን በዕቃው ላይ ይጽፈዋል። የሚጽፈውም ማን እንደ ሆነ፥ በማንም ቃል እንደሚጽፍ ካልተጠየቀ፥ የእንግሊዝኛው ወረቀት ከደብተር ወጥቶ በሞተሩ ላይ ተለጠፈ ማለት ብቻ ነው፤ የአክስቴ ልጅም ነገ በሌላ ጋራዥ ውስጥ እንደገና ይቆማል። በዚያ አዳራሽ መነጽሩን አጥልቄ በተንሳፋፊው ሞተር ላይ ያሉትን ስሞች ሳነብ፥ ከመሥራቱ በፊት አንድ ሰው እንኳ ለአንድ መካኒክ «እናንተ ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ እንዳልጠየቀ ገባኝ።

እንግዲህ እንዲህ ቢሆንስ? ተማሪው ስልኩን በአሮጌው ሞተር ላይ ሲያነጣጥር በዕቃው ላይ ኩሽኔታ የሚል ይታየው፤ ከሥሩም በትንሽ ፊደል ቤሪንግ የሚል፤ ሲነካው ደግሞ የእነዚያ የጋራዡ አለቃ ድምፅ ይሰማ፤ «ስማ፤ ይህ ደኅናው ነው፤ ይህ ደግሞ ያለቀው ነው» ብለው የሁለቱንም ጩኸት ያሰሙት። ለዚህ የሚያስፈልገው ድምፅ መቅጃና ከመኪና ሥር የሚተኛ ሰው ነው።

ይህን ለአንድ የምሕንድስና ወዳጄ ባጫውተው ተቆጣ። «የመኪናው የጥገና መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውም የብልሽት ቁጥር በእንግሊዝኛ ነው፤ አንተ ልጆቹን በጋራዥ አማርኛ አስረህ ልታስቀር ነው» አለኝ። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። አዲሶቹ መኪኖች፥ ይልቁንም በኤሌክትሪክ የሚሄዱት፥ ጣልያኖቹ ስም ያላወጡላቸው ዕቃ ሞልቶባቸዋል። ነገር ግን እኔ እንግሊዝኛው ይነሣ አላልሁም፤ ከሥሩ ይጻፍ ነው ያልሁት። ልጁ ከሚያውቀው ስም ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሂድ። አሁን የሚደረገው ግን ከማያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው መሄድ ነው። ሌላው ወዳጄ ደግሞ፥ «ለምን አማርኛ ብቻ? አዳማ ያለው ልጅስ? መቀሌ ያለውስ?» አለኝ። ይህ ትክክል ነው፤ በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ በየቋንቋው ሌላ መጽሐፍ ማሳተም ግድ ነበር፤ በስልክ ላይ ግን አንዱን ጽሑፍ አንሥቶ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ መተካት የአንድ ጣት ሥራ ነው። የእነዚያንም ጋራዦች ቃል የየአገሩ ልጅ ይሰብስብ፤ ኩሽኔታ በአብዛኛው እዚያም ኩሽኔታ ሆኖ የሚገኝ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለምን ለማንም አልታየም? እኔ የማየው ምክንያት ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ስድቡ ዛሬ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኝ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3 ያህሉ ብቻ ነበር፤ በ2015ም እንዲሁ። ከቀሩት 97ቱ መካከል ወደ ሙያ ትምህርት የሚሄደው «ወድቆ ቴክኒክ ገባ» ይባላል። ይህን የምንለው እኛ ነን፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ሻይ ቤት ተቀምጠን የምንለው። ቤታችን ውሃ ሲፈስስ፥ መብራት ሲቃጠል የምንጠራው ግን ያንኑ የወደቀውን ነው። በአዲስ አበባ ያለው የጥንቱ የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ ዕድ ተብሎ ሲሰየም ስሙን ያወጣለት ሰው የግእዝን ክብር ለእጅ ሥራ ሰጥቶ ነበር። በግእዝ የተሰየመ ቤት ውስጥ ገብተው በእንግሊዝኛ የሚወድቁትን ልጆች እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ዝም ብለን ማየታችን ያሳፍረኛል።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ገጠር ወጥተው ያስተምሩ ነበር። እኔ አንድ ዓመት አልለምንም። ለኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ከአርት ፋኩልቲ ሁለት፥ ከምሕንድስና ሁለት ሆነን፥ ወደ ሶማሌ ተራና ወደ ምናለሽ ተራ፥ ወደ ጎሚስታውና ወደ ብረታ ብረት ቤቱ እንሂድ። እኛ ስሙን እንጻፍ፥ ድምፁን እንቅዳ፤ እነርሱ ሥዕሉንና ምልክቱን ይሥሩ። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ሞተር፥ አንድ ካምቢዮና አንድ የኤሌክትሪክ መለማመጃ ሰሌዳ ቢዘጋጅ፥ ያንን ኮሌጅ ሄጄ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አልጠይቅም፤ ልጆቹ በገዛ ስልካቸው ያዩታል። የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ «ለዚህ ስንት ብር ይሻል?» ቢለኝ፥ ለታክሲና ለሻይ እለዋለሁ፤ ሻዩ ግን ለመካኒኮቹ ነው። ጊዜያቸውን በነጻ መውሰድ አይገባንም፤ ድምፃቸውም በስማቸው ይቀመጥ፥ ከፈቀዱ።

ብቻዬን ጀምሬአለሁ። እስካሁን 64 ቃል ጽፌአለሁ፤ ከእነዚህ መካከል በሰባቱ ላይ ሁለት መካኒኮች በፊቴ ተጣልተዋል። አንደኛው የዘይት መጥለያውን ላስቲክ በአንድ ስም ሲጠራው ሁለተኛው «ይህ የአሥመራዎች አነጋገር ነው» ብሎ ሳቀበት፤ ሁለቱንም መዝግቤአለሁ። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ሆኖአል፤ አሁን ቃሉን የሚጠይቅልኝ እርሱ ነው፤ እኔ ስጠይቅ ሰዎቹ ግብር ሰብሳቢ መስዬአቸው ይሸሻሉ።

በሚመጣው ቅዳሜ በ8 ሰዓት ሶማሌ ተራ እንሄዳለን። መገናኛው ከዋናው በር ፊት ለፊት ነው። የሚመጣ ሰው ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ እስክርቢቶ በግራሶ እጅ አይጽፍም። ነጭ ሸሚዝም ባይለብስ ይሻላል።